የፀሐይ ኃይል ለቤታችን መብራት

«አባት ሳለ አጊጥ፥ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ብለው የቀድሞ አባቶቻችን የተናገሩት፥ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የሰው እጅ ሥራ እንደሚፈታ ስላወቁ ነው። በእነርሱ ዘመን ቀኑ አለቀ ማለት ሥራውም፥ ትምህርቱም፥ መንገዱም አለቀ ማለት ነበር። በዛሬው ዘመን ግን የቀኑን ፀሐይ ለማታ የሚያቆይ ጥበብ ተገኝቷል። ይህ ጥበብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን፥ በተለይም በሐዋሳና በአካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች፥ ከቤታችን ገብቶ ሊጠቅመን ይችላልን? ወይስ የባለጠጋ ቤት ጌጥ ሆኖ ይቀራል? በዚህ ጥያቄ ላይ ያለኝን አስተያየት ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ለአስተማሮቻችንና ለወላጆቻችን በትሕትና ለማቅረብ እወዳለሁ።

አስተያየቴን ከመጀመሪያው በግልጽ ልናገር። የፀሐይ ኃይል ለቤት መብራት በእርግጥ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ልኩን አውቀን የሚችለውን ሥራ ስንሰጠው ነው። መጽሐፍ ለማንበቢያ፥ ለራዲዮ፥ ለስልክና ለአነስተኛ ቴሌቪዥን ይበቃል። ለእንጀራ ምጣድ ግን አይበቃም። ይህን ልዩነት ሳይለዩ የሚያመሰግኑትም የሚነቅፉትም ሰዎች ብዙዎች ስለሆኑ፥ አንዱ ወገን ከልክ በላይ ሲመኝ ሌላው ወገን ያለ ምክንያት ሲንቅ እንሰማለን። እኔ ነገሩን በሒሳብ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ፀሐያችን እንናገር። ፀሐይ ለአገራችን ሰው አዲስ ሠራተኛ አይደለችም። የሲዳማ ገበሬ ቡናውን በአልጋ ላይ አስጥቶ የሚያደርቀው በእርሷ ነው፤ እናቶቻችንም በርበሬውን፥ ብቅሉንና ድርቆሹን የሚያሰጡት ለእርሷ ነው። የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለውጭ አገር ሰዎች ባስተዋወቁ ጊዜ የ13 ወር ፀሐይ ያላት አገር ብለዋታል። ይህም አባባል እንግዳ ለመሳብ ብቻ የተነገረ ከንቱ ውዳሴ አይደለም። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ስፍራ ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል፤ ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት በሐምሌም ወደ 4 ተኩል ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ብቻ የራቀች ስለሆነች፥ ቀኗና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይበላለጡም። የጀርመን አገር ሰው ግን በብርዱ ወራት ፀሐይን የሚያያት በቀን ለጥቂት ሰዓት ነው፤ እንዲህም ሆኖ ጀርመን በፀሐይ ኃይል ከሚጠቀሙት ቀደምት አገሮች አንዷ ናት። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የተባለው በእኛ ላይ ሳይደርስ አልቀረም።

ሰው ሁሉ ሶላር እያለ የሚጠራው ሰሌዳ የፀሐይን ብርሃን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። የሚሠራውም ከአሸዋ ተጣርቶ ከሚገኘው፥ ሲሊከን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ብርሃን በሲሊከኑ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ተነሥተው ይንቀሳቀሳሉ፤ ያም እንቅስቃሴ በሽቦ ሲመራ አምፑል ያበራል። ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስገኝ እንደሚችል የፈረንሳዩ ሊቅ ኤድሞን ቤክሬል በ1839 በፈረንጆች አቆጣጠር አስተዋለ። ለሥራ የሚውል የሲሊከን መሣሪያ ግን የታየው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1954 በአሜሪካ አገር በቤል የምርምር ቤት ነው። ያ መሣሪያ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዛሬ በገበያ የሚሸጠው 20 ከመቶ ያህል ይለውጣል። ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ብቻ የሰሌዳው ዋጋ በዓለም ገበያ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል።

ይህ ጥበብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1985 በፈረንጆች አቆጣጠር በመካከለኛው ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ መንደር 10 ኪሎ ዋት ተኩል የሚሰጥ የፀሐይ ጣቢያ ተተክሎ ለ300 ያህል ቤቶች መብራት ያደርስ ነበር። በ1989ም ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ መሳቢያና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል። የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤትም የመብራት ሽቦ በማይደርስባቸው ስፍራዎች ያቆማቸውን ማስተላለፊያዎች በፀሐይ ኃይል ሲያሠራ ኖሯል። በገጠር ደግሞ የሕፃናት ክትባት በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ማቀዝቀዣ የሚጠበቅባቸው ጤና ኬላዎች አሉ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሰጠን ግን የሬማ መንደር ነው። ሬማ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሶላር ኤነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት በዚያ አካባቢ ከ2,000 በላይ ለሆኑ ቤቶች የፀሐይ መብራት አስገባ። ለእያንዳንዱ ቤት የተሰጠው ሰሌዳ 10 ዋት ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም ጥቂት አምፑሎችን ለማብራት እንጂ ለሌላ ለከባድ ሥራ አይሆንም። ነዋሪዎቹም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እንዲጠራቀም ተደረገ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፀሐይ መሣሪያ የሚተክሉና የሚጠግኑ ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት በዚያው በመንደሩ ተከፈተ። እንግዲህ ሬማ ሦስት ነገር ታስተምረናለች። ከትንሽ መጀመርን፥ ክፍያውን በየጊዜው ከፋፍሎ ማቅለልን፥ ጠጋኝን ከዕቃው ጋር አብሮ ማዘጋጀትን። ወደ እነዚህ ነገሮች ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ መካከለኛ ቤተሰብ 4 አምፑሎች አሉት እንበል። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሚወስዱ ዘመናዊ አምፑሎች ሆነው በየማታው 5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት ሰዓት ይሆናል። ራዲዮ 5 ዋት ሆኖ 4 ሰዓት ቢከፈት 20፤ ሁለት ስልኮች ቢሞሉ 30፤ 40 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን 4 ሰዓት ቢታይ 160 ይሆናል። ድምሩ በቀን 310 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ባለ 100 ዋት ሰሌዳ በእኛ ፀሐይ በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ኃይል ቢያገኝ 500 ዋት ሰዓት ይሰበስባል። ከዚህ ውስጥ በሙቀት፥ በአቧራ፥ በሽቦና በባትሪ ምክንያት ሲሶው ይባክናል ብንል 330 ያህል ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሰሌዳ ለዚህ ቤተሰብ ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን የሚገኘው ወደ 300 ስለሚወርድ፥ ቴሌቪዥኑን አንድ ሰዓት አስቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ትዕግሥት ለማንኛችንም የሚከብድ አይመስለኝም።

ቀኑን የተሰበሰበው ኃይል ለማታ የሚቆየው በባትሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በላይ ሲራቆት ዕድሜው ስለሚያጥር፥ ባለ 12 ቮልትና ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ቢይዝም በደህና ልንጠቀምበት የምንችለው 600 ያህሉን ነው። ይህ ለዚያ ቤተሰብ ሁለት ማታ ያህል ያደርሰዋል። እንግዲህ ፀሐይ አንድ ቀን ሙሉ ብትከለከል እንኳ ልጆቹ በጨለማ አይቀመጡም ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ የሰማ ሰው «ታዲያ ምጣዱንስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። አንዲት እናት ለቤተሰቧ እንጀራ ስትጋግር አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅባት 5,250 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም 16 ያህል ሰሌዳዎች ቀኑን ሙሉ የሚሰበስቡት ነው። በዚህ ላይ ምጣዱን የሚችል ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ሲጨመር ወጪው ከአንድ መካከለኛ ሠራተኛ አቅም በላይ ይሆናል። ስለዚህ የፀሐይ መብራት የሚሸጥ ነጋዴ «ቤትህን በሙሉ ከቆጣሪ አላቅቄ በፀሐይ አንቀሳቅስልሃለሁ» ቢል፥ ገዥው ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ ይደምር። ምጣድና ምድጃ፥ የውሃ ማሞቂያና ካውያ የግድብ ኃይል ሥራ ናቸው፤ አምፑልና መጽሐፍ ግን የአንድ ሰሌዳ ሥራ ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ካለቀ በኋላ ስለ ፀሐይ ማውራት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመርቋል፤ ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ወላጆቻችን ከደመወዛቸው ቀንሰው፥ እኛም ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን የተሠራ ስለሆነ የማይኮራበት ኢትዮጵያዊ የለም። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨትና ኃይልን ከእያንዳንዱ ቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ እስከ ዛሬ ከኤሌክትሪክ አልደረሰም። ምሰሶ፥ ትራንስፎርመር፥ ሽቦና ቆጣሪ ሁሉ ዋጋ አላቸው፤ ቤቶቹም ተራርቀው የተሠሩ ሲሆን ዋጋው እጅግ ይጨምራል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በመብራትም እንዳይፈጸምብን መጠንቀቅ አለብን።

ይህን ነገር መንግሥትም ያወቀው ነው። በ2011 ዓ. ም. በተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም፥ በ2025 በፈረንጆች አቆጣጠር ሁሉም ሕዝብ መብራት እንዲያገኝ ሲታቀድ፥ 65 ከመቶው በሽቦ፥ 35 ከመቶው ደግሞ ከሽቦ ውጭ በሆነ መንገድ፥ ከሁሉ በፊትም በፀሐይ ኃይል እንዲዳረስ ታስቦ ነበር። የተባለው ዓመት አልፏል፤ ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ የሚገኘው ከውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ዝናብን ይጠብቃል። በ2011 ዓ. ም. በግንቦት ወር በጊቤ ሦስት ግድብ ውሃው ስለ ጎደለ መብራት በመላ አገሪቱ በፈረቃ መሆኑን ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። የግድብ ውሃ የሚጎድለው በጋው ሲያልቅ ነው፤ ፀሐይዋ ደግሞ የምትበረታው በዚያው በበጋው፥ በየካቲትና በመጋቢት ነው። ስለዚህ ውሃና ፀሐይ እንደ ሁለት መልካም ጎረቤቶች አንዱ ሲጎድልበት ሌላው የሚሞላለት ናቸው እንጂ ተቀናቃኞች አይደሉም።

እንግዲህ የፀሐይ መብራት ለማን ይሻላል? ለከተማ ሰውና ለገጠር ሰው መልሱ አንድ አይደለም። በሐዋሳ ከተማ፥ በፒያሳም ሆነ በአቶቴ፥ በታቦርም ሆነ በሐይቅ ዳር፥ ቆጣሪ ያለው ሰው ኤሌክትሪክን የሚያገኘው በአነስተኛ ዋጋ ነው። ከላይ የቆጠርነው ቤተሰብ በወር የሚፈጀው 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፥ ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ለሚጠቀሙ ሰዎች በተወሰነው ዝቅተኛ ታሪፍ ሲታሰብ ሒሳቡ ጥቂት ብር ነው። ከመስከረም 2017 ዓ. ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር መደረጉ እውነት ነው፤ ሆኖም የከተማ ሰው ሰሌዳ ቢገዛ ዋጋውን ከመብራት ሒሳብ ቁጠባ ብቻ ቶሎ አያገኘውም። እርሱ የሚገዛው መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የሚደርስለትን ረዳት ነው። ለዚህ ደግሞ አነስተኛ መሣሪያ ይበቃል። ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰውም የአከራዩን ጣራ ሳይነካ፥ ቀን በደጅ አስጥቶ ማታ ወደ ቤት የሚያስገባው ትንሽ የፀሐይ ፋኖስ ሊይዝ ይችላል።

የገጠሩ ነገር ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ከሐዋሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብለን ወደ ሸበዲኖ፥ ወደ ዳሌ ወይም ወደ ቦርቻ ገጠሮች ብንሄድ፥ ምሰሶው የመኪናውን መንገድ ተከትሎ ሲሄድ እናያለን። ቤቶቹ ግን በእንሰቱና በቡናው መካከል ተራርቀው ስለሚገኙ፥ ለእያንዳንዱ ቤት ሽቦ መዘርጋት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይጠይቃል። በእነዚያ ቤቶች የሚበላው ዋሳ የሚጋገረው በእንጨት ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጉዳይ ለጊዜው አይነሣም። የሚያስፈልጋቸው ለአምፑልና ለስልክ የሚሆን ጥቂት ኃይል ነው፤ ይኸውም የፀሐይ ሰሌዳ በደንብ የሚችለው ሥራ ነው። ዛሬ ግን ለኩራዝ ላምባ፥ ለባትሪ ድንጋይ፥ ስልክ ለማስሞላትም ገንዘብ በየሳምንቱ ይወጣል። ይህ ገንዘብ ጥቂት በጥቂት ስለሚከፈል አይታወቅም እንጂ፥ በዓመት ቢደመር ቀላል አይደለም።

የኩራዝ ጉዳት በገንዘብ ብቻ አይቆጠርም። ጭሱ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል፤ ነበልባሉ የሣር ጎጆን ያቃጥላል፤ ብርሃኑም ከመጽሐፍ ላይ እጅግ ደካማ ነው። በክፍላችን ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞች አሉን። በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቀኑን ከብት ሲጠብቁና እርሻ ሲያግዙ ውለው፥ ለጥናት የሚቀርላቸው ማታው ብቻ ነው። ያንን ማታ ኩራዝ ሲወስድባቸው፥ በፈተና ጊዜ እኛ መብራት ካለን ልጆች ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይወዳደራሉ። በ2014 ዓ. ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ. ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ተነግሮናል። የዚህ ሁሉ ምክንያት መብራት ማጣት ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን በጨለማ የተቀመጠን ተማሪ «ለምን አላጠናህም?» ብሎ መውቀስ ፍርድ ነውን? ስለዚህ በእኔ አስተያየት የፀሐይ ሰሌዳ አስቀድሞ መድረስ ያለበት ምሰሶ ላልደረሰበት ቤት ነው፤ በዚያም ቤት ውስጥ አስቀድሞ ለሚማረው ልጅ ነው።

የዋጋው ነገር ከባድ መሆኑን አልክድም። ሰሌዳውም ባትሪውም ከውጭ አገር የሚመጣ ስለሆነ፥ በሐምሌ 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው በብር ሲታሰብ ከፍ ብሏል። ላምባ የሚገዛው በትንሽ በትንሹ ሲሆን፥ ሰሌዳ ግን ሙሉ ዋጋውን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ድኻውን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ለዚህ መድኃኒቱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ዕቁብ የሚባል ጥበብ አቆይተውልናል። 12 ጎረቤቶች ተሰብስበው በየወሩ የአንድ ሰሌዳና የአንድ ባትሪ ዋጋ ቢያዋጡ፥ በዕጣ እየተከፋፈሉ በዓመቱ መጨረሻ 12ቱም ቤቶች ይበራሉ። ገንዘቡ ዕቃ ሆኖ ስለሚወጣ ለሌላ ነገር አይባክንም፤ ብዙ ሆነው ሲገዙም ዋጋ ለመከራከር ይመቻል። የቁጠባና የብድር ማኅበራትም ለከብትና ለማዳበሪያ እንደሚያበድሩት ሁሉ ለፀሐይ መብራት ቢያበድሩ ገንዘባቸው የሚጠፋ አይመስለኝም፤ ተበዳሪው ለላምባ የሚያወጣውን ለዕዳው ሊያውለው ይችላልና።

ሌላው ነቀፌታ «ሶላር ቶሎ ይበላሻል» የሚለው ነው። ይህም ቢሆን ከሥሩ መመርመር አለበት። ደህና ሰሌዳ 25 ዓመት ያህል ያገለግላል፤ ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። የእርሳስ ባትሪ በጥቂት ዓመት ሲያረጅ፥ ሊቲየም የሚባለው በዋጋ ቢወደድም ብዙ ይቆያል። ብዙ ሰው ግን ለመኪና ማስነሻ የተሠራውን ባትሪ ገዝቶ ለቤት መብራት ያውለዋል፤ እርሱም ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ በየማታው እንዲራቆት ስላልተሠራ ወዲያው ይሞታል። አንዳንዱም የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን ትንሽ መሣሪያ ለቁጠባ ብሎ ይተወዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ በጥድፊያ የተገዛና በጥድፊያ የተተከለ ዕቃ በጥድፊያ ይበላሻል። በገበያም ላይ መልኩ ያማረ፥ ጉልበቱ ግን ከተጻፈበት ያነሰ ዕቃ ስለማይጠፋ፥ ዋስትና የሚሰጥንና ሲበላሽ የሚመልስን ነጋዴ መምረጥ ይገባል።

አተካከሉም ቢሆን ጥበብ አለው። በሐዋሳ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን ላይ ትቆማለች፤ በበጋ ወደ ደቡብ፥ በክረምት መግቢያ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ ቢተከል የበጋውን ፀሐይ በደንብ ይቀበላል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥብለታል። ከቆርቆሮው ላይ ቢለጠፍ ሙቀቱ ኃይሉን ስለሚቀንስበት፥ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት። ከተማችን በዛፎቿ የምታምር ናት፤ ይሁን እንጂ የዛፍ ጥላ በሰሌዳው ጫፍ ላይ እንኳ ቢያርፍ ጉልበቱን በብዙ ስለሚቀንስ፥ ዛፉን ከመቁረጥ ይልቅ ሰሌዳውን ጥላ ወደሌለበት ማዛወር ይሻላል። በከተማም የፀሐይ መሣሪያን ያለ ባለሙያ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ማገናኘት አደገኛ ነው፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላልና። ያረጀ ባትሪም በውስጡ መርዛም እርሳስ ስላለበት፥ በምንም ምክንያት ወደ ሐይቃችን ወይም ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ አይጣል፤ ለሚገዙት ነጋዴዎች ይመለስ።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ወደ ትምህርት ቤታችን ልመለስ። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ቮልት፥ ስለ አምፒርና ስለ ዋት እንማራለን፤ ቀመሩንም ለፈተና እናጠናለን። ነገር ግን ከእኛ መካከል አንድ ሰሌዳ ከአንድ ባትሪና ከአንድ አምፑል ጋር አገናኝቶ ማብራት የሚችል ስንት ነው? ዕውቀት ከደብተር ወጥቶ ከጣራ ላይ ካልወጣ ጥቅሙ ምንድን ነው? ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲደረግ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ በሚመጣው ዓመት በሳይንስ አስተማሮቻችን መሪነት የፀሐይ ኃይል ክበብ ይቋቋም። የክበቡም የመጀመሪያ ሥራ ገንዘብ መጠየቅ ሳይሆን መቍጠር ይሁን። በጥናት ሰዓት መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለአንድ ሙሉ ወር በመዝገብ ላይ ይጻፍ። ልኩ ሳይታወቅ የሚገዛ ነገር ብክነት ነውና።

ሁለተኛ፥ ወላጆችና የቀድሞ ተማሮች ለቤተ መጻሕፍታችን ጣራ አነስተኛ የፀሐይ መብራት እንዲገዙልን ይጠየቁ። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ 10 አምፑሎች በማታ 4 ሰዓት ቢበሩ የሚወስዱት 400 ዋት ሰዓት ነው። ሁለት ባለ 100 ዋት ሰሌዳዎች በቀን 660 ያህል ስለሚሰጡ በክረምትም ቢሆን ይበቃሉ። ለብዙ መቶ ተማሮች ጥናት ይህ ትልቅ ወጪ አይደለም።

ሦስተኛ፥ የክበቡ አባሎች ከባለሙያ ጋር ሆነው መትከልንና መጠገንን ይማሩ። ከገጠር የመጡት ጓደኞቻችን በክረምቱ ዕረፍት ወደ ቀበሌያቸው ሲመለሱ፥ የላላ ሽቦ የሚያጠብቁ፥ የደከመ ባትሪ የሚለዩ፥ ጎረቤቶቻቸውንም በግዢ ጊዜ የሚመክሩ ይሁኑ። በሬማ መንደር ወጣቶች የተማሩት ይህንኑ ሙያ ስለሆነ፥ የእኛ አካባቢ ወጣት የማይማርበት ምክንያት የለም።

ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ ከምታወርሷቸው ነገሮች አንዱ ማታ የሚነበብበት ብርሃን ይሁን። አስተማሮቻችን ሆይ፥ ቀመሩን ካስተማራችሁን በኋላ እጃችንን ይዛችሁ ወደ ጣራው ምሩን። ጓደኞቼ ሆይ፥ ፀሐይ ያለ ቆጣሪና ያለ ሒሳብ በየማለዳው ወጥታ በየምሽቱ በሐይቃችን ማዶ ትጠልቃለች። እርሷ ድርሻዋን መቼም አላጓደለችም። የቀረው የእኛ ድርሻ ስለሆነ፥ ሒሳባችንን ይዘን እንነሣ እላለሁ።